በጎንደር ሰማይ የቀሩት ሁለት አውሮፕላኖች፦ ስለ አንድ አስጎብኚ

ጎንደር ላይ አስጎብኚ ቀጠርኩ ሲባል ለብዙ ሰው ፋሲል ግንብ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም ማለት ነው። ጎንደር መጥቶ እነዚህን ሳያይ የሚመለስ ሰው ቀርቶበታል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ጉብኝት ነው። ጎንደር ከጣሊያን ነፃ የወጣችበትን የ1934ቱን ጦርነት፣ በተለይ የሰማዩን ውጊያ፣ ቦታው ድረስ ወስደው የሚያስረዱ አንድ ሰው ከተማዋ ውስጥ አሉ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ፒያሳ አካባቢ ሁሉም «መምህር» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልጥራቸው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጎንደር የሚኖርም ሆነ የሚመጣ ሰው ግማሽ ቀን ሰጥቶ ሊሰማቸው ይገባል። የሚጎድሉ ነገሮች አሉ፤ እነሱንም አልደብቅም።

ጉብኝቱ ሁለት ዓይነት ነው። የግማሽ ቀኑ ፒያሳን፣ ግንቡን፣ የጎሃን ኮረብታና አዘዞን ይይዛል። የሙሉ ቀኑ ላይ ቁልቋል በር ይጨመራል። መኪና የራሳችሁ ነው፤ ከሌላችሁ እሳቸው የሚያውቁት ሹፌር ይጠሩላችኋል። ዋጋው ግንብ በር ላይ ከሚገኘው አስጎብኚ እጥፍ ገደማ ነው። በቴሌብር ይቀበላሉ። ደረሰኝ ግን የለም፣ ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ገንዘብ የምታወራርዱ ሰዎች ቀድማችሁ አስቡበት።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ፒያሳ ላይ ቆሞ ነው። ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ክብ ክብ ያሉትን የጣሊያን በረንዳዎች በየቀኑ እናያቸዋለን፤ ማኪያቶ እየጠጣን ከሥራቸው እንቀመጣለን። መምህር ስለ ሕንፃዎቹ ውበት ብዙ አያወሩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስጨብጧችሁ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ እዚህ ፒያሳ ላይ የጣሊያን ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረው የአኦስታው መስፍን ግንቦት 11 አምባላጌ ላይ እጁን ሲሰጥም ጎንደር በጣሊያን እጅ ነበረች። ክረምቱ አለፈ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፤ የጎንደሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጉልዬልሞ ናዚ እዚሁ ነበር። ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። አገሩ ሚያዝያን ሲያከብር እኛ ገና ሰባት ወር ገደማ ይቀረን ነበር። ይሄን ነገር ትምህርት ቤት እንደ አንድ መስመር ነው ያለፍነው። እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ አውሮፕላኖቹ ይገባሉ። የጉብኝቱ ልብ ይሄ ነው።

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገባ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ አውሮፕላን ነበራት። ግን የስዊዝ ቦይ ተዘጋባት። መርከብ አይመጣም፣ መለዋወጫ አይመጣም፣ ነዳጅ አይመጣም። ያለው ካለቀ አለቀ። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ከ410 እስከ 414 ቁጥር የተሰጣቸው ስኳድሮኖች፣ ማለትም የተዋጊ አውሮፕላን ቡድኖች፣ ነበሩ። 412ኛው ጉራ፣ ኤርትራ ውስጥ፤ 413ኛው አሰብ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ሁሉም አለቁ። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከስም በላይ ብዙ የላቸውም፤ ከነሱ የተራረፈው የመጨረሻ ቅሪት ግን የተሰባሰበው እኛ ከተማ ላይ ነው። ለዚህ ነው የመምህር ታሪክ የጎንደር ታሪክ የሚሆነው።

መምህር ከቦርሳቸው ከስስ እንጨት የሠሩትን ሞዴል ያወጣሉ። ሲ አር 42 ይባላል፣ ፊያት የሠራው ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ጣሊያኖቹ ፋልኮ ይሉታል። የክንድ ያህል ርዝመት አለው። ክንፉ ድርብ ነው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በመሃላቸው የብረት ቋሚዎቹን በስስ ሽቦ ሠርተዋቸዋል። የአብራሪው መቀመጫ ላይ ጣታቸውን ያስገቡና «ይኸውላችሁ፣ ክዳን የለውም» ይላሉ። እውነትም ክፍት ነው። ሰውዬው ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖ፣ ነፋሱ ፊቱን እየመታው ነው የሚዋጋው። ሁለት 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ አፍንጫው ላይ አሉ። ሞተሩ 840 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ፍጥነቱም በሰዓት 430 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ አንድ ክንፍ ያለውን፣ ሁለንተናው ብረት የሆነውን ፈጣን አውሮፕላን ይዘው አውሮፓ ላይ እየተዋጉ ነበር። ፋልኮ ገና ሲወለድ ዘመኑ እያለፈበት ያለ ነገር ነው።

ሞዴሉን እጃችሁ ላይ ይሰጧችኋል። ልጆች ካሉ መጀመሪያ ለልጆቹ ነው የሚሰጡት። ይሄ ነገራቸው ደስ አለኝ።

ስዊዝ ከተዘጋ በኋላ እነዚህ አውሮፕላኖች እንዴት እዚህ ደረሱ ለሚለው መልሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሳቮያ ማርኬቲ 82 የሚባል ግዙፍ ማመላለሻ ነበራቸው። ሲ አር 42ን ይፈቱትና ክንፉን ለብቻ፣ አካሉን ለብቻ አድርገው የግዙፉ ሆድ ውስጥ ይጭኑታል። ከሊቢያ ተነስቶ በጠላት እጅ ያለውን ሱዳን አቋርጦ ይመጣል። በዚህ መንገድ 51 ተዋጊ አውሮፕላኖች ምሥራቅ አፍሪካ ገብተዋል። አውሮፕላን በአውሮፕላን ሆድ ተጭኖ! መምህር ይህን ሲናገሩ ሞዴሉን ይፈቱታል፤ ክንፉ ይነቀላል፣ ጭራው ይነቀላል፣ ሁሉንም ካርቶን ውስጥ ይከቱትና ካርቶኑን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። አብሮን የነበረ አንድ ልጅ እንደገና ፍቱት ብሎ ለመናቸው፣ እንደገና ፈቱት።

ስለ 412ኛው ስኳድሮን ትንሽ ይነግሯችኋል። ማሪዮ ቪሲንቲኒ የሚባል አብራሪ ነበረው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከማንም በላይ አውሮፕላን የጣለው እሱ ነው። የካቲት 4 ቀን 1933 የጠፉ ጓደኞቹን ሊፈልግ ተነስቶ ቢዘን ተራራ ላይ ተጋጭቶ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁል ነው። ከረን መጋቢት 18 ወደቀች፣ አስመራ ተከተለች፣ አዲስ አበባ መጋቢት 28 ላይ በእንግሊዝ ጦር ተያዘች። አየር ማረፊያዎቹ አንድ በአንድ ተያዙ። አውሮፕላኖቹ ገሚሱ በውጊያ፣ ገሚሱ መሬት ላይ እንደቆመ ተቃጠለ። የቀረው ወደ ጎንደር ሸሸ።

መኸር ላይ የቀራቸው ሁለት ሲ አር 42 እና አንድ ባለ ሦስት ሞተር ካፕሮኒ 133 ነበር። በቃ። ያ ሁሉ ሦስት መቶ አውሮፕላን ወደ ሦስት ወረደ።

ከፒያሳ ወደ ግንቡ ስትገቡ መምህር ፋሲልን አልፈው በቀጥታ ወደ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ነው የሚወስዷችሁ። ጣሊያኖች ቅጥሩን የጦር ማዘዣ አድርገውት ስለነበር እንግሊዝ ከአየር ደበደበው፤ የኢያሱ ግንብ ላይ የምናየው ጉዳት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንዱ ምክንያት ያልኩት ከዚያ በፊትም የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ስለነበር ነው፤ መምህርም ሁለቱን ሳይደባልቁ ለይተው ነው የሚናገሩት። ጣራ የሌለውን ክፍል ቀና ብላችሁ ስታዩ ሰማዩ ይታያችኋል። ሁለት መቶ ምናምን ዓመት የቆየ የንጉሥ ቤት በሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ጠብ መሃል ገብቶ ተመታ። እኔ እዚያ ላይ ተናድጃለሁ። አሁንም እናደዳለሁ። ጠባቸው የኛ አልነበረም፣ ቤቱ ግን የኛ ነው።

ቀጥሎ ጎሃ ነው። ሆቴሉ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ከተማዋን ከላይ ታያላችሁ። መምህር ወደ ሰሜን ያዞሯችኋል። በአምባዞ፣ በዳባት፣ በደባርቅ አድርጎ ወደ ሊማሊሞ የሚሄደው መንገድ በዚያ በኩል ነው። በዚያው መንገድ ወልከፊት በር ላይ የጣሊያኑ ኮሎኔል ጎኔላ ለወራት ተከቦ ቆይቶ በ1934 በመስቀል ሰሞን ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይዞ እጁን ሰጠ። ያ በር ሲከፈት እንግሊዞች ከሰሜን ወደ ጎንደር መጠጋት ጀመሩ።

የጥቅምት 14ቱ ውጊያ እዚህ ላይ ይመጣል። የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ኢልደብራንዶ ማላቮልታ የሚባል ወጣት መኮንን ከሁለቱ ሲ አር 42 በአንዱ ተነሳ። ዳባትና አዲ አርቃይ አካባቢ ያለውን የእንግሊዝ ይዞታ በመትረየስ ሊመታ ነው። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲያተሮች አገኙት። ግላዲያተርም ድርብ ክንፍ ነው፤ አራት መትረየስ አለው። ሁለት ያረጁ የአውሮፕላን ዓይነቶች፣ ዓለም ወደ ሌላ ዘመን ከገባ በኋላ፣ እዚህ ከወገራ በላይ ተፋለሙ። ማላቮልታ ተመትቶ ወደቀ፣ ሞተ። የመታው ሌተናንት ሆፕ ይባላል። በምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት አውሮፕላን ለአውሮፕላን ተዋግቶ የተገኘ የመጨረሻው ድል ይህ ነው። የመጨረሻው! እዚሁ፣ ከኛ ሰማይ ላይ።

መምህር ሦስት ጠጠር መሬት ላይ ያስቀምጡና ሞዴሉን በእጃቸው ይዘው ያሳያሉ። ከዚያ ቆም ይሉና «አሁን ሦስት ወሬ ልነግራችሁ ነው» ይላሉ። አንደኛው፣ ጣሊያን ከሞተ በኋላ የወርቅ ሜዳሊያ ስትሰጠው የጻፈችው ነው፦ አንድ ግላዲያተር ጣለ፣ ሌላውን መሬት እንዲያርፍ አስገደደ፣ በሦስተኛው ተመታ። ሁለተኛው የአንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ጸሐፊ ነው፦ ሦስት ገጥመውት ሁለቱን ጣለ። ሦስተኛው የእንግሊዝ ወገን የጦር መዝገብ ነው፦ በዚያን ቀን ምንም አውሮፕላን አልጠፋብንም። ሦስቱንም ካስቀመጡ በኋላ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ያነሳሉ። እርግጠኛ የሆንበት ማላቮልታ መውደቁና መሞቱ ነው፤ የቀረው የየወገኑ ቃል ነው ይላሉ።

እኔ ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልኩት። አስጎብኚ ብዙ ሰምቼ አውቃለሁ። ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ከማለት ይልቅ የሆነ ቁጥር ፈጥሮ የሚሰጥ ሞልቷል። መምህር ግን ሁለት የሚጋጭ ነገር ሲኖር ሁለቱንም ያመጡታል፣ ማን እንዳለውም ይናገራሉ። ጎብኚውን አዋቂ ሰው ነው ብለው ያከብሩታል። ጎንደር ላይ የሚሠሩ ወጣት አስጎብኚዎች አንድ ቀን አብረዋቸው ቢውሉ እመኛለሁ።

በነጋታው ደቡብ አፍሪካውያኑ ከአየር ላይ ወረቀት ጣሉ። የተጻፈበት እንዲህ ነው፦ «ለፊያቱ አብራሪ ክብር ይሁን። ጀግና ሰው ነበር። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል።» መምህር ይህን ከፎቶ ኮፒ ላይ ቀስ ብለው ያነቡታል።

እዚህ ላይ ውስጤ ተረበሸ። ጀግንነቱን አልክድም፤ አንድ አውሮፕላን ይዞ የሚወጣ ሰው ፈሪ አይደለም። ግን ያ አውሮፕላን የወራሪ አውሮፕላን ነው። በታኅሣሥ 1928 ተከዜ ላይ የራስ እምሩን ጦር በመርዝ ጭስ የፈጀው ይኸው አየር ኃይል ነው። ገበሬ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ተቃጥሎ የሞተበት ወንዝ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ይህን ለመምህር አነሳሁባቸው። ቅር አላላቸውም። «ልጄ፣ አንዱን ለመናገር ሌላውን አልደብቅም» አሉኝና ስለ ተከዜ ረዘም አድርገው አወሩን። መልሳቸው አርክቶኛል። ግን ሳይጠየቁ መናገር ነበረባቸው ባይ ነኝ። የወረቀቱን ታሪክ ሰምቶ ሳይጠይቅ የሚሄድ ጎብኚ ግማሹን ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው።

የኛስ አውሮፕላኖች ብላችሁ ብትጠይቋቸው ፊታቸው ይበራል። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው፤ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው። ወረራው ሲመጣ ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን አየር ኃይሉን አዘዘ። አውሮፕላኑ ደርዘን ገደማ ነበር፣ ያውም መሣሪያ የሌለው፤ መልእክት ያደርሳል፣ መድኃኒት ያደርሳል። ከተመሠረተ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። አዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በጣሊያኖች ተወስዳ ጥር 2016 ላይ መመለሷን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ይሄ ክፍል ጉብኝቱ ውስጥ የለም። ካልጠየቃችሁ አይነገራችሁም። መግባት አለበት። የጣሊያኑን የመጨረሻ ስኳድሮን ታሪክ እየሰማን የኛን የመጀመሪያውን ሳንሰማ መቅረት ያንገበግባል።

አዘዞ ላይ ብዙ አትቆዩም። ዛሬ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ በኩል ነው፣ የጣሊያኖቹ ሜዳም እዚያው አዘዞ ነበር። ፎቶ ማንሳት አይቻልም፣ መምህርም ቀድመው ስልካችሁን ኪስ አስገቡ ይላሉ። ስሟቸው። መንገድ ዳር ቆመው የሜዳውን አቅጣጫ በእጃቸው ያሳዩና ወደ ሻይ ቤት ይወስዷችኋል። ቀሪውን ታሪክ የሚጨርሱት ሻይ ላይ ነው።

ቀሪው አንድ አውሮፕላንና አንድ አብራሪ ነው። ጁዜፔ ሞቴ ይባላል። ኅዳር 12፣ በኅዳር ሚካኤል ቀን፣ ቁልቋል በር ወደቀ። ጣሊያኖች ከነሐሴ ጀምሮ ይዘውት የነበረ በር ነው፤ ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶች እዚያ እስከ መጨረሻው ተዋግተው አለቁ። በማግስቱ ኅዳር 13 ሞቴ የመጨረሻዋን ሲ አር 42 ይዞ ተነሳ። ቁልቋል በር ላይ ያለውን የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር አንድ ጊዜ ተኩሶ መታ፤ የ12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር የመድፈኛ አዛዥ ሌተናንት ኮሎኔል ኦርምስቢ ሞተ። ሞቴ ተመልሶ አረፈ። አውሮፕላኑን በገዛ እጁ አጠፋው። ከዚያ ጠመንጃ ይዞ ከእግረኛው ጋር ተሰለፈ፣ እጅ እስከሰጡበት ቀን ድረስ ተዋጋ። ስኳድሮን የሚባለው ነገር በዚህ አበቃ። ከአምስት ቀን በኋላ ኅዳር 18 የእንግሊዙ ጄኔራል ፎክስ ጦር ከማለዳ ጀምሮ መጣ፤ የኬንያ ብረት ለበስ መኪኖች ከተማዋ ደረሱ፣ ናዚም እጁን ሰጠ።

የኬንያ አልኩ አይደል? ጎንደርን ለማስለቀቅ ከተዋጉት ውስጥ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ የመጡ፣ በእንግሊዝ ሥር የተዋጉ «የንጉሡ አፍሪካ ጠመንጃ ያዦች» (ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ) ነበሩ። መምህር ይህን ጠበቅ አድርገው ይናገራሉ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ትልቁ ቅሬታዬ የሚመጣው ከዚሁ ነው። አርበኞቹስ? ያ ሁሉ ዓመት በአርማጭሆና በወልቃይት በረሃ፣ በበለሳና በወገራ ያሳለፉት፣ አሞራው ውብነህ የሚባሉት ውብነህ ተሰማና ሌሎቹ፣ በዚህ ጉብኝት ላይ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው የተሰጣቸው። ጣሊያን ከተማ ውስጥ ታጥሮ የቀረው በእንግሊዝ አውሮፕላን ብቻ አልነበረም። ከከተማ ሲወጣ ገጠሩ የሱ ስላልነበረ ነው። መምህርን ጠየቅኋቸው። የአርበኞቹ ታሪክ ራሱን የቻለ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ በጨረፍታ ብነካው አዋርደዋለሁ አሉኝ። ሐሳባቸው ይገባኛል። ቢሆንም ከውጭ የሚመጣ ሰው ለሁለተኛ ቀን አይቆይም፣ የሚሰማውም ይሄኑ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ጎሃ ላይ ቢጨመር፣ ወደ አርማጭሆ አቅጣጫ ዞር ብሎ ቢነገር፣ ጉብኝቱ ሙሉ ይሆናል።

ሌሎቹ ጉድለቶች ቀላል ናቸው። ፎቶዎቹ በተደጋጋሚ ፎቶ ኮፒ ስለተደረጉ ደብዝዘዋል፤ የአውሮፕላኑ ክንፍ የትኛው ጢስ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አንድ ጥሩ ካርታ አሳትመው ቢያዘጋጁ ቁልቋል በርንና ወልከፊትን በዓይነ ሕሊና መፈለግ ይቀራል። የጣሊያን ማዕረግና ስም ይበዛል፣ ልጆች እዚያ ላይ ይሰለቻሉ። እኛ ቀን የተጠራው ሹፌር አርፍዶ ነው የመጣው፣ መምህር ግን ከሰዓቱ ቀድመው እዚያው ቆመው ነበር። ጎሃ ላይ ጥላ የለም፤ ኮፍያ ያዙ፣ ውኃም ያዙ።

የሙሉ ቀኑን ጉብኝት በተመለከተ፣ ቁልቋል በር ጎንደርን ከደብረ ታቦር በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። ቦታው ሲታይ ነገሩ ወዲያው ይገባል፦ አንድ ጠባብ በር፣ ግራና ቀኝ ገደል፣ ከበታች ወደ ጣና የሚወርደው ሜዳ። ይህን በር የያዘ መንገዱን ያዘ። መምህር እዚያ ብዙ አይናገሩም፣ ራሳችሁ እንድታዩት ነው የሚተዉት። እኔ ግን ትንሽ ቢያስረዱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ረጅም መንገድ ሄዶ ሜዳ ብቻ አይቶ መመለስ ይከብዳል። ከመሄዳችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚያውቅ ሰው አጣሩ። መምህርም ካልተማመኑ አይወጡም፤ ገንዘብ ከፍላችሁም ቢሆን እምቢ ይሏችኋል፣ ገንዘቡን ይመልሳሉ።

ምሳ በዋጋው ውስጥ የለም። በፆም ቀን ከሄዳችሁ አዘዞ መንገድ ላይ ያሉት ትናንሽ ቤቶች ጥሩ ሽሮ ይሠራሉ፤ መምህርም አብረዋችሁ ይበላሉ፣ የራሳቸውን ለመክፈልም ይታገሏችኋል። አታስከፍሏቸው።

ማን ይሂድ? ታሪክ የሚወድ በሙሉ። በተለይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን ውሰዱ። ከተማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ ግን መጀመሪያ ፋሲልንና ሥላሴን ጨርሱ፣ ይሄን በሁለተኛው ቀን አድርጉት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ዋጋው ይከብዳል፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ብትካፈሉት ግን ቀላል ነው፣ እሳቸውም ሰው ሲበዛ ዋጋ አይጨምሩም።

መምህርን ለማግኘት ፒያሳ ላይ ካሉት አሮጌ ካፌዎች በአንዱ ጠዋት ጠዋት ይቀመጣሉ፣ አስተናጋጆቹን ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው። ስለ ፖቴዞቹና ስለ ፀሐይ፣ ስለ ተከዜና ስለ አርበኞቹ መስማት እንደምትፈልጉም እዚያው ንገሯቸው፤ ከተነገራቸው ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት።